የጋሽ መኩሪያ ሽጉጥ ስንት ያወጣል?

በጎረቤቱ አጥር የሚቀና ሰው አይቻለሁ። በባልደረባው ሹመት የሚቀናም አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ በገዛ ወንድሙ ፀጉር የሚቀና ራሰ በራ ገጥሞኛል፤ ወንድምየው ማበጠሪያ ካወጣ እሱ ክፍሉን ለቆ ይወጣ ነበር። እኔ ግን ከሁሉም የባስኩ ነኝ። ሃምሳን አልፌ፣ ሚስትና ልጆች እያሉኝ፣ ሰማንያ ሊደፍኑ ጥቂት በቀራቸው ሽማግሌ የተነሳ ቅናት ይዞኝ ምግብ አልበላ አለኝ። ሽማግሌውን ሌላ ሰው ወሰደብኝ ብዬ።

ለባለቤቴ ለሰናይት ብነግራት፣ «በእኔ እንዲህ ቀንተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ማሰብ ጀመርኩ። አስቤ ሳልጨርስ ተነስታ ሄደች።

እስቲ ነገሩን ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱኝ።

ጋሽ መኩሪያ ጡረታ የወጡ የመንገድ ቀያሽ ናቸው። ቤታቸው ከቀበና ወንዝ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ዳገቱ ዳገት ብቻ አይደለም፤ ቂም ያለው ዳገት ነው። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ለአገሩ ሁሉ ለጥ ያለ መንገድ ሲቀይሱ ኖረው ለራሳቸው ይህን መምረጣቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። «እኔን የሚፈልግ ላቡን ጠርጎ ይምጣ» ይላሉ። እኔም ከአሥር ዓመት በላይ ቅዳሜ ከሰዓት ላቤን እየጠረግሁ ሄጃለሁ።

የምሄደው ዳማ ልንጫወት ነው። ሰሌዳችን ከካርቶን የተቆረጠ ነው፤ ጠጠሮቻችን ቆርኪዎች ናቸው። የቢራው ቆርኪ የእሳቸው ነው፣ የለስላሳው የእኔ። «አንተ ገና ልጅ ነህ» ነው ምክንያታቸው። መሸነፋቸው ሲታወቃቸው ጥርሳቸውን ያማቸዋል። ጥርስ ከሌላቸው ቆይቷል፤ ግን ሰው የታመመበትን ቦታ እኔ አልመርጥለትም።

ጋሽ መኩሪያ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ውድ ዕቃ አላቸው፤ የአባታቸው ሽጉጥ። ስድስት ጎራሽ ናት፤ ጥይቱ የሚገባበት እንደ ከበሮ ያለው ክፍሏ መሃሏ ላይ ይሽከረከራል። ጥይት ግን ከጋሽ መኩሪያ ጥርስ ጋር አብሮ ሳያልቅ አልቀረም። ከአፈሙዟ እስከ ምላጯ ሐረግ ተቀርጾባታል። በአንድ ጎኗ አንበሳ አለ፣ በሌላው ጎኗ ፈረስ። ሕጋዊ ፈቃድ አላት፤ ፈቃዱንም ጋሽ መኩሪያ ከመታወቂያቸው ጋር ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ይዞራሉ።

ታሪኳን ስንት ጊዜ እንደነገሩኝ አልቆጠርኩም። አባታቸው የአንድ ደጃዝማች አጃቢ ነበሩ። ክረምት ላይ ቀበና ሞልቶ ደጃዝማቹን ጠርጎ ሲወስዳቸው አባታቸው ከነልብሳቸው ዘለው ገቡና በጎፈሬያቸው ጎትተው አወጧቸው። ደጃዝማቹም ይህችን ሽጉጥ ሸለሟቸው። ጋሽ መኩሪያ ጎፈሬው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይሰበራል። እኔም አፍንጫዬን እጠርጋለሁ። እንዲህ ነበርን።

በዓመት አንዴ፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ከሣጥን አውጥተው ዘይት ይቀቧታል። የእኔ ድርሻ ጨርቁን መያዝ ነው።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ለአፍታ እኔ ልያዛት?» እላለሁ።

«ጨርቁን ያዝ» ይላሉ።

ይዤ ኖርኩ። ወዳጅነት ማለት አንዳንዴ ጨርቅ መያዝ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ላቤን ጠርጌ ስገባ፣ በእኔ ወንበር ላይ አንድ ሰውዬ ተቀምጧል። እጁ ላይ ሽጉጧ አለች። ጨርቅ አይደለም፤ ሽጉጧ ራሷ። በሁለት እጁ ታቅፎ እንደ ክርስትና ልጅ ያያታል።

ሰውዬው አቶ ያዕቆብ ይባላል። ጡረታ የወጣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ የሚኖረው ሲ.ኤም.ሲ ነው። ሲ.ኤም.ሲ መኖር ኃጢአት አይደለም፤ ብችል እኔም እኖር ነበር፤ ያልወደድኩትም ለዚሁ ነው። ሐኪሙ ለስኳሩ የእግር ጉዞ አዘዘለት። ሲ.ኤም.ሲ ሜዳ ነው፣ በሜዳ መሄድ የሚከለክለው የለም። እሱ ግን መኪናውን ቀበና እያቆመ እንጦጦን መውጣት ጀመረ። አንድ ቀን ውሃ ጠምቶት የጋሽ መኩሪያን በር አንኳኳ። ውሃ የጠማው ሰው ጠጥቶ ይሄዳል። እሱ ጠጥቶ ተቀመጠ።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጥሩ ሰው መሆኑ ነው። ክፉ ሰው መጥላት ምን ያቅታል? ጥሩ ሰው መጥላት ግን ጉልበት ይጠይቃል። ጋሽ መኩሪያን ዓይናቸውን አሳክሞ መነጽር ያስለወጣቸው እሱ ነው። የጣሪያቸውን ቀዳዳ ያስደፈነላቸው እሱ ነው። እኔ በዚያ ቀዳዳ ሥር ለዓመታት ዳማ ስጫወት፣ ዝናብ ሲመጣ ወንበሬን ፈቀቅ ከማድረግ ያለፈ ሐሳብ መጥቶልኝ አያውቅም።

«ና ተቀመጥ» አሉኝ ጋሽ መኩሪያ፣ አልጋው ጫፍ ላይ እያመለከቱኝ። «ያዕቆብን የአባቴን ሽጉጥ እያሳየሁት ነው።»

«አየሁ» አልኩ።

«እጅግ ድንቅ ሥራ ነው» አለ ያዕቆብ ፈገግ ብሎ። «ይህቺ በቅሎ ደግሞ ስታምር!»

«ፈረስ ነው» አልኩት። ቢያንስ በዚህ እበልጠዋለሁ።

ያዕቆብ ጋሽ መኩሪያን አያቸው። ጋሽ መኩሪያ ጣሪያውን አዩ።

«በቅሎ ናት» አሉ በመጨረሻ። «ደጃዝማቹ ከወንዙ በራሳቸው ወጥተዋል፤ ዋና ይችሉ ነበር። የቀረችው በቅሎዋ ናት። አባቴ ያወጣው በቅሎዋን ነው።»

«ጎፈሬውስ?» አልኩ። 

«ጋማዋን ነው የጎተተው።»

ይታያችሁ! ለእኔ ከአሥር ዓመት በላይ ደጃዝማች እያሰጠሙ ሲያወጡ፣ ውሃ ለጠማው ሰው በሦስት ወር እውነቱ! እኔ ለሌለ ጎፈሬ አፍንጫዬን ስጠርግ ኖሬያለሁ።

በዚህ ንዴት ላይ እያለሁ ነው ጋሽ መኩሪያ፣ «ዋጋዋን ማወቅ እፈልጋለሁ። ስንት ታወጣለች?» ያሉት።

«አንድ የማውቃቸው እናት አሉ፣ የድሮ መሣሪያ...» ብሎ ያዕቆብ ጀመረ።

«እኔ ምን ሆኜ?» ብዬ ተነሳሁ። «ግምት ሥራዬ አይደለም እንዴ?»

ሥራዬ ነው። ኢንሹራንስ ውስጥ ገማች ነኝ።

«አንተ የምትገምተው የተጋጨ መኪና ነው» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

«ያም ብረት ነው፣ ይሄም ብረት ነው።»

ሽማግሌው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ፈቀዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሜትርና የእጅ ባትሪ ይዤ መጣሁ። ሽጉጧን ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አነሳኋት፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከሾፌር በኩል፣ ከጋቢና በኩል። ጭረት ፈለግሁ። አንበሳው ጆሮ ላይ መለስተኛ ግጭት አገኘሁ። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ በምናውቀው ስሌት የእርጅና ተቀናሽ ሠራሁ፤ በየዓመቱ ይህን ያህል፣ በየዓመቱ ይህን ያህል እያልኩ ወደ ታች ወረድኩ። ገና አባትየው በሕይወት እያሉ ዋጋዋ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ዕዳ ነው።

«ስንት?» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

«ምንም» አልኩ። «እንዲያውም እንደ ስሌቱ ከሆነ... ከእርስዎ የሚፈለግ ቀሪ አለ።»

ያዕቆብ ሳል መጣበት። ሳል እንዳልነበር ሁላችንም እናውቃለን።

ጋሽ መኩሪያ ስልኬን ትኩር ብለው አዩት። «በዚህ ሒሳብ እኔስ ስንት አወጣለሁ?» አሉ።

ሙያዬን እንዲህ ያዋረደ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። ቢሆንም ያዕቆብ «እኚያ እናት» ከማለቱ በፊት፣ «ቆይ! ባለሙያ አመጣለሁ!» ብዬ ወጣሁ።

ያመጣሁት ባለሙያ የድሮ ዕቃ ነጋዴ ነበር። ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር የማያወልቅ ሰው ነው። በዳገቱ እያለከለከ ገብቶ ሽጉጧን አገላበጠና፣ «ሰው ገድላለች?» አለ።

«እግዜር ይመስገን፣ አልገደለችም» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

«አንድም?»

«አንድም።»

«እንግዲህ ዋጋው ይወርዳል። ደም ያላት ሽጉጥ ሌላ ናት። እንስሳስ?»

«እንስሳ በማዳን የተሸለመች ናት እንጂ» አለ ያዕቆብ በትሕትና።

ነጋዴው ጥቂት አሰበ። «ፈረሱ ነው ያበላሻት» አለ። «ፈረሱን አስፍቀን ሌላ አንበሳ እናስቀርጽበት። ሁለት አንበሳ ይሆናል። ከዚያ አንድ የጦር ሜዳ ታሪክ እኔ አዘጋጅላታለሁ።»

ጋሽ መኩሪያ ሽጉጧን ከእጁ ተቀበሉት። ቀስ ብለው አፈሙዟን በጣታቸው ዳበሱ። «አሁን ልግደልባትና ዋጋዋ ይጨምር?» አሉ። ሲናገሩ የሚያዩት ነጋዴውን አልነበረም፤ እኔን ነበር።

ነጋዴው ዳገቱን ከአወጣጡ ይልቅ ፈጥኖ ወረደ።

እኔ ተሸነፍኩ። ተራው የያዕቆብ ሆነ። እኚያ «እናት» የተባሉት ወይዘሮ ምንትዋብ የሚባሉ፣ ከሟች ባላቸው ብዙ የድሮ መሣሪያ በሕጋዊ መንገድ የወረሱና እድሜያቸውን ስለ መሣሪያ ሲያነቡ የኖሩ ሴት ናቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዳገት አይወጡም፤ ኮተቤ ድረስ እኛው መሄድ አለብን። በያዕቆብ መኪና፣ በሥራ ቀን፣ ጠዋት ሊሄዱ ተቀጣጠሩ። እኔ ማንም ሳይጠራኝ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ አብሬያቸው ሄድኩ።

ጋሽ መኩሪያ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ብቻዬን፣ እንደ ተገዛ ምንጣፍ። ከፊት ሁለቱ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት እየተጨዋወቱ ይስቃሉ። በደም ግፊት የሚሳቅ ነገር ምን እንዳለ እግዜር ይወቀው። እኔም ደም ግፊት ቢኖረኝ ብዬ የተመኘሁት ያን ጊዜ ነው።

ቀበና ድልድይ ጋ ስንደርስ አንድ ሐሳብ መጣልኝ።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ሽጉጧ ጭንዎ ላይ ሆና መስኮቱ ክፍት ነው። ሰው ያያል። ወደ እኔ ያቀብሉኝ፣ ከኋላ ልሸሽጋት።»

ዘወር ብለው አዩኝ። ያዕቆብም፣ «እውነቱን ነው ጋሼ፣ ይሻላል» አለ። እንዲህ ነው የሱ ደግነት፤ ስትጠላውም ይረዳሃል።

አቀበሉኝ። ጨርቅ የለ፣ ዘይት የለ፤ ሽጉጧ ብቻዋን እጄ ላይ። ከበደችኝ፤ ደስም አለችኝ። ወንበር ሥር ማስቀመጥ ስችል ቀበቶዬን አላልቼ ወገቤ ላይ ሻጥኳት። በመስኮቱ መስታወት ራሴን አየሁ። የሆነ ነገር መስዬ ነበር። ምን እንደሆነ ጥቂት ቆይቶ ፖሊስ ነገረኝ።

ከመገናኛ አልፈን የኮተቤን መንገድ እንደያዝን ፍተሻ ነበር። መኪና ሁሉ ይቆማል፣ ሰው ሁሉ ይወርዳል፣ በትሕትና ይፈተሻል፣ ይሄዳል። ያዕቆብ ወረደ። ጋሽ መኩሪያ ወረዱ። እኔም ስወርድ፣ ቀበቶዬ ላልቷልና ሽጉጧ ከወገቤ ተንሸራታ በሱሪዬ እግር ውስጥ ቁልቁል ጉዞዋን ጀመረች። ጉልበቴ ጋ ለመያዝ አጎነበስኩ። አልደረስኩባትም። ጫማዬን ረግጣ ወጥታ አስፋልቱ ላይ ቋ! አለች።

ፖሊሱ ሽጉጧን አየ። እኔን አየ።

«እጅ ወደ ላይ!»

አነሳሁ። እጄ ወደ ላይ ሲወጣ ሱሪዬን የሚይዘው አልነበረም። ሰልፉ ላይ ካሉት መኪኖች አንዱ ጡሩንባ ነፋ፤ ለምን እንደነፋ እስከዛሬ አላውቅም፤ ግን አልረሳለትም።

ጋሽ መኩሪያ ፈቃዱን ከደረት ኪሳቸው ቢያወጡም ነገሩ በዚያ አላለቀም። ጣቢያ ወሰዱን። ጉዳያችንን ያየችው አንዲት ወጣት ምክትል ኢንስፔክተር ናት። ረጋ ያለች፣ ጨዋ ልጅ። ፈቃዱን ከሽጉጧ ቁጥር ጋር አመሳከረች፣ ልክ ሆነ።

«አባቴ፣ ፈቃዱ ትክክል ነው» አለቻቸው። ወደ እኔ ዞረች። «ግን የተሰጠው ለእሳቸው ነው፣ ለእርስዎ ወገብ አይደለም። ለምን ያዙት?»

ምን ልበላት? ቀንቼ ነው ልበላት?

«የት ነበር የምትወስዱት?»

«ልናስገምተው» አለ ያዕቆብ።

«እሺ፣ ለመዝገብ ያህል፣ ግምቱ ስንት ይሆናል?»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ግምት የሚለውን ቃል የመንግሥት ሠራተኛ በአንደበቷ፣ በእኔ ፊት ጠራች። ያዕቆብ አፉን ሲከፍት አየሁትና ቀደምኩት።

«የአንድ ያገለገለ ቪትዝ ዋጋ» አልኩ።

«ምን?»

«ቪትዝ መኪና። በደህና ይዞታ ላይ ያለ።»

«ያንተ ስሌት ባለፈው ምንም አታወጣም ብሎ አልነበረም?» አለ ያዕቆብ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ውስጥ እሾህ ሰማሁ። «ምክትል ኢንስፔክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህ የእጅ ሥራ ነው። ኮሮላ ያወጣል።»

«ኮሮላ ነው የምትለው? እኔ ገማች ነኝ፤ ሁለት ኮሮላ!»

«እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት በብድር መያዣ ላይ ፈርሜያለሁ። አንድ ሚኒባስ!»

«ሚኒባስ ከነታርጋው!»

ምክትል ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ዋጋ ያሳንሳል» አለች። «ዋጋ እያስጨመረ የሚከሰስ ሰው ገና ዛሬ አየሁ።»

እኔና ያዕቆብ ግን አልሰማናትም። ተነስተን ቆመናል። ያ ሁሉ ትሑት ሰው ፊቱ ቀልቷል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ለካ እሱም ይቀናል! እኔ ቅዳሜ ዳማ ስጫወት እሱ ዳር ተቀምጦ ይበሳጫል ለካ! ለካ ዳማ አለመቻሉ ያንገበግበዋል! ደስ ብሎኝ አውቶቡስ ልጨምር ስል፣

«በቃ!» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

እኔና ያዕቆብ ተቀመጥን።

«ልጄ» አሏት፣ እኛን ትተው ወደ እሷ ዞረው፣ «ሐዋሳ ልጄ ዘንድ ጠቅልዬ ልሄድ ነው። ዳገቱ ጉልበቴን ጨረሰው። ልጆች አሏት፣ መሣሪያ ይዘህ እቤቴ አትገባም ብላኛለች፤ እውነቷን ነው። ዋጋዋን ማወቅ የፈለግሁት ለሚያከብራት ሰው ልሸጣት ነው። ይኸው ነው።»

ልጨምር የነበረው አውቶቡስ አፌ ላይ ቀረ። 

«መቼ ነው የሚሄዱት?» አልኩ።

«ከፋሲካ በኋላ።»

ያዕቆብን አየሁት። ወለሉን ያያል። አልደነገጠም።

«አንተ ታውቅ ነበር» አልኩት።

«ነግረውኛል» አለ ቀስ ብሎ።

ይኼኔ ቅናት ምን እንደሆነ አወቅሁ። እስከዚያ ድረስ የነበረው ማሟሟቂያ ነው። የበቅሎዋ ይሁን፣ የጣሪያውም ይሁን። ይሄ ግን! ለመሆኑ እኔ ማን ነበርኩ? ዳገት የሚወጣ የለስላሳ ቆርኪ?

«ጋሽ መኩሪያ፣ ለእሱ ነግረው ለእኔ...» ብዬ ጨረስኩት ወይም አልጨረስኩትም።

ሽማግሌው ሁለቱን እጆቻቸውን ከዘራቸው ላይ ደራረቡ።

«ለእሱ መንገር ቀላል ነው» አሉ። «ትናንት የመጣ ሰው ነው፤ ሲሰማ አዝኖ 'መልካም ጉዞ' ይላል። ላንተ ግን ቅዳሜ በመጣህ ቁጥር ልነግርህ እነሳና አፌ ላይ ይደርቃል። አንተ ቆርኪ ትደረድራለህ። እንዴት ልንገርህ? ጥርሴን አመመኝ እያልኩ ስንት ቅዳሜ አሳለፍኩ።»

ለካ እያሸነፍኩ አልነበረም።

ምክትል ኢንስፔክተሯ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ ፈቃዱንና ሽጉጧን ለጋሽ መኩሪያ ሰጠቻቸው። «እርስዎ ብቻ ይያዙት» አለች። «እናንተ ደግሞ» አለች ወደ ሁለታችን፣ «ቀበቶ እሰሩ፤ የመኪናውንም የወገባችሁንም።»

ከጣቢያው በቀጥታ ኮተቤ ሄድን። ወይዘሮ ምንትዋብ ትንሽ፣ ቀጭን፣ ሹራብ የደረቡ ሴት ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ንጹሕ ፎጣ አንጥፈው ሽጉጧን አስተኟት። አንበሳውን ለአፍታ ብቻ አዩት። «አንበሳ ሁሉም ላይ አለ» አሉ። ከዚያ ገለበጧት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ አጸዱ፣ መለሱ።

«ይህቺ በቅሎ ናት?»

«ናት» አሉ ጋሽ መኩሪያ፣ እንደ ተከሳሽ።

«ከነኮርቻዋ፣ ርጥብ ሆና! ጭራዋን እዩት፣ ውሃ ሲንጠባጠብባት! ሽጉጧ ከፋብሪካ የወጣች ናት፣ እንደሷ ያለች ብዙ አይቻለሁ። የሰጠመች በቅሎ የተቀረጸባት ግን በሕይወቴ አላየሁም። ማን ቀረጸው? ለምን?»

ጋሽ መኩሪያ ነገሯቸው፤ ደጃዝማቹን ሳያሰጥሙ፣ ከጋማው ጀምረው ደጃዝማቹ በቅሎዋን እስካስቀረጹበት ድረስ። አባታቸው ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲጠይቃቸው በአንበሳው በኩል ገልብጠው ነበር የሚያሳዩት። በቅሎ አወጣህ ተብዬ ተሸለምኩ ማለት አፍረው። ልጅየውም ያንኑ እፍረት ወርሰው ኖሩ።

«ዋጋዋን ከጠየቁኝ» አሉ ወይዘሮ ምንትዋብ፣ «ግማሹ የበቅሎዋ ነው።»

ጋሽ መኩሪያ መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ እንባቸው እስኪወርድ። «አባቴ ይህን ሳይሰማ ሞተ!» እያሉ ጠረጴዛውን ይደበድባሉ። እኛም ሳቅን። ያዕቆብ ሲስቅ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ፤ እኔም ሳላስበው ተውኩለት።

ዋጋውን አልነግራችሁም፤ የሰው ጉዳይ ነው። ከሚኒባስ ያንሳል፣ ከበቅሎ ይበልጣል። ወረቀቱ ሁሉ በሕጉ ተሠርቶ ሽጉጧ ወይዘሮ ምንትዋብ ቤት ገባች። በቅሎዋ ወደ ላይ ሆና፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ።

ከፋሲካ በኋላ ጋሽ መኩሪያን ሸኘን። ሲሄዱ የዳማውን ሰሌዳ ለእኔ ሰጡኝ፣ ቆርኪዎቹን በፌስታል አድርገው ለያዕቆብ። «አስተምረው» አሉኝ። ለሁለት የከፈሉት አንዳችን ያለ ሌላው እንዳንጫወት መሆኑ ነው። እኔ ወዲያው ያሰብኩት ቆርኪ ከየትም ይለቀማል ብዬ ነው። ያዕቆብም ካርቶን ከየትም ይገኛል ብሎ አስቦ ነበር፤ ኋላ ነገረኝ። ግን ተገናኘን። አንዱን ቅዳሜ ቀበና እኛ ቤት፣ አንዱን ሲ.ኤም.ሲ። ሲማር ዘገምተኛ ነው፤ እኔም ቀስ ብዬ ነው የማስተምረው፣ የሚያጣድፈኝ የለም። ጋሽ መኩሪያ መጀመሪያ ለማን ደወሉ በሚል ግን እስካሁን ስልካችንን ደብቀን እናያለን።

ባለፈው ሰሞን እየተጫወትን ሳለን ደወሉ። ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግሁት፤ ሰናይትም ከወጥ ቤት ሰላም አለቻቸው። ሐይቁ ደስ ይላል፣ ዓሣው ደስ ይላል፣ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ጉልበታቸው ተመልሷል።

«ደግሞ አንድ ሰው አገኘሁ» አሉ። ድምፃቸው እንደ ወጣት ፈካ። «ጡረተኛ ሻምበል ነው። ጎረቤታችን ነው። ዳማ ሲጫወት ብታዩት! እንደሱ ያለ እጅ በዕድሜዬ አላየሁም። በየቀኑ ነው የምንጫወተው።»

«በየቀኑ?» አልኩ።

«በየቀኑ! ዛሬም እየመጣ ነው፤ በሉ ቻው!»

ስልኩ ተዘጋ። እኔና ያዕቆብ ተያየን። እጁ ላይ የያዘው ቆርኪ አየር ላይ ቀርቷል።

«ሻምበል» አለ።

«በየቀኑ» አልኩ።

«ወደ ሐዋሳ መንገዱ ጥሩ ነው ይባላል» አለ ያዕቆብ፣ ቆርኪውን ቀስ ብሎ እያስቀመጠ። «ጠዋት ብንነሳ ለምሳ እንደርሳለን።»

«ባዶ እጅ አይኬድም» አለች ሰናይት ከበሩ ላይ ሆና፣ ሳቋን ይዛ። «ለጋሽ መኩሪያ ዳቦ እደፋለሁ። ለሻምበሉስ ምን ትወስዳላችሁ?»

«ለሻምበሉ ምንም አንወስድም» አለ ያዕቆብ፣ በቁጣ።

ሰውዬውን የወደድኩት ያን ጊዜ ነው።